ቆላው ሽቅብ ሲወጣ
ለሕዝብ ትምህርት የቀረበ ንግግር፣ ለኅትመት የተስተካከለ

ከሥራ ውሎ በኋላ ቤት መግባት ሲቻል ስለ አየር ንብረት ለመስማት የመጣ ሰው ረጅም መግቢያ ሊጫንበት አይገባም። ስለዚህ ንግግሩ በቀጥታ ከመንገድ ይጀምራል።

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚጓዝ ሰው ጣርማ በር ሲደርስ ጋቢውን እስከ ጆሮው ይስባል። ጣሊያን ተራራውን ሰርስሮ የሠራው ዋሻ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ነው፤ ጉሙ ከመስኮቱ ጋር ይለጠፋል፣ ሾፌሩ በጠራራ ቀን መብራት ያበራል። ዋሻው ታልፎ ጠመዝማዛው ቁልቁለት ሲጀመር ግን ነገር ይለወጣል። ደብረ ሲና ላይ ቆሎ ሻጮች መስኮት ሲያንኳኩ ጋቢው ከትከሻ ወርዷል። ሸዋ ሮቢት ሲደረስ ሹራብ ወልቆ፣ መስኮት ተከፍቶ፣ ተሳፋሪው በጋዜጣ ያራግባል። ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አውቶቡሱ በዚያች አጭር ጉዞ ወደ 2,000 ሜትር ወርዷል፤ ሙቀቱም በ12 እና በ13 ዲግሪ ሴልሺየስ መካከል ጨምሯል።

ይህን ለማወቅ የአየር ንብረት ባለሙያ መሆን አያስፈልግም። አገሩን በረሃ፣ ቆላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋና ውርጭ ብሎ የከፈለው ገበሬ ቴርሞሜትር ሳይኖረው ከፍታንና ሙቀትን አንድ ላይ ያነብ ነበር። የፊዚክስ ሰዎች የጨመሩለት ቁጥር ብቻ ነው፦ በየ1,000 ሜትሩ 6.5 ዲግሪ ያህል። ይህን ገልብጦ ማንበብ ይቻላል። አንድ ዲግሪ ሙቀት ማለት 150 ሜትር ያህል ቁልቁለት ማለት ነው።

ኢትዮጵያ ውስጥ ከ1960 እስከ 2006 ባሉት ዓመታት አማካይ ሙቀቱ በ1.3 ዲግሪ ያህል ጨምሯል። (በዚህ ንግግር የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ ነገሩ የዓለም ስለሆነ ሁለት ካሌንደር እያምታቱ መሄድ አድማጭን ያደክማል።) በገበሬው ሚዛን ሲታይ 1.3 ዲግሪ ማለት 200 ሜትር ነው። ደብረ ሲና ከቦታዋ ሳትነቃነቅ፣ አንድ ጎልማሳ ባየው ዕድሜ ውስጥ 200 ሜትር ቁልቁል እንደ ወረደች ይቆጠራል። ወይም ቆላው 200 ሜትር ሽቅብ ወጥቷል።

የዛሬው ንግግር ዓላማ ይህን ሽቅብ መውጣት መከተል ነው። መጀመሪያ ቆላውን የሚገፋው ኃይል ምን እንደሆነና እንዴት እንደ ታወቀ ይነገራል። ቀጥሎ ሙቀት ከዝናብ ጋር ያለው ጉዳይ ይመጣል፤ ሰፊው ክፍል እሱ ነው። በመጨረሻ ቆላው ሲወጣ ከኋላው የሚያስከትላቸውና ከፊቱ የሚያባርራቸው ይታያሉ።

ምክንያቱን ለማስረዳት ያ የተሳፋሪው ጋቢ ይበቃል። ጋቢ እሳት አይደለም። ከራሱ ሙቀት አያመነጭም፤ የለባሹን ሙቀት ቶሎ እንዳይወጣ ይይዛል እንጂ። ምድርም ጋቢ አላት። ፀሐይ ያሞቀችው መሬት ሙቀቱን መልሶ ወደ ሰማይ ሲልክ፣ በአየሩ ውስጥ ያሉት የውኃ ተን፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ ሚቴንና መሰሎቻቸው ከፊሉን ያስቀሩታል። ይህ ባይኖር ኖሮ የምድር አማካይ ሙቀት ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ይሆን ነበር፤ ማሳም የለ፣ አራሽም የለ። ችግሩ ጋቢው መኖሩ ሳይሆን ባለፉት 170 ዓመታት ወደ ቡሉኮ መለወጡ ነው።

ይህ ዕውቀት የትናንት መስሎ የሚታያቸው ብዙዎች ናቸው። ግን አፄ ቴዎድሮስ ዘውድ በጫኑ በዓመቱ፣ በ1856፣ ዩኒስ ፉት የተባለች አሜሪካዊት ሁለት የብርጭቆ ቱቦዎች ወስዳ በየውስጣቸው ቴርሞሜትር አኖረች፤ አንዱን በተራ አየር፣ ሌላውን በካርቦን ዳይኦክሳይድ ሞልታ ፀሐይ ላይ አሰጣቻቸው። ካርቦን ዳይኦክሳይድ የያዘው ይበልጥ ጋለ። ወደ ጥላ ሲወሰድም ለመቀዝቀዝ ከሌላው ብዙ እጥፍ ጊዜ ፈጀበት። ፉት ከዚህ ተነሥታ፣ አየሩ በዚህ ጋዝ ቢሞላ ምድር ትሞቃለች የሚል ግምት ጻፈች። ጽሑፏን በሳይንቲስቶች ጉባኤ ላይ ያነበበላት ወንድ ባልደረባ ነበር፤ ከዚያም ሥራዋ ከ150 ዓመት በላይ ተረስቶ ቀረ። ከሦስት ዓመት በኋላ ለንደን ላይ የፊዚክስ ሊቁ ጆን ቲንዳል በተሻለ መሣሪያ ለክቶ ኦክስጅንና ናይትሮጅን ሙቀትን እንደሚያሳልፉ፣ የውኃ ተንና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ግን እንደሚይዙት አረጋገጠ። ስሙ የተነሣው የእሱ ነው።

በ1896፣ በዓድዋው ዓመት፣ ስዊድናዊው ስቫንቴ አሬኒየስ በአየር ላይ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ እጥፍ ቢሆን ምድር ምን ያህል እንደምትሞቅ በእርሳስና በወረቀት አሰላ፤ 5 ወይም 6 ዲግሪ አገኘ። የዛሬዎቹ ኮምፒዩተሮች ወደ 3 ዲግሪ ያደርሱታል፤ በእጅ ለተሠራ ስሌት መጥፎ አይደለም። አሬኒየስ ግን አልደነገጠም። ነገሩ ሺህ ዓመታት የሚፈጅ መስሎት ነበር፤ ደግሞም ለስዊድን ብርድ መድኃኒት ነው ብሎ ተስፋ አድርጓል። ከሰሜን ሆኖ ሲያዩት ሙቀት እንግዳ ነው። ሸዋ ሮቢት ላይ ሆኖ ሲያዩት ሌላ ነው።

ግምቱን ወደ ልኬት ያሸጋገረው አሜሪካዊው ሳይንቲስት ቻርልስ ኪሊንግ ነው። በ1958 ሃዋይ ውስጥ፣ ከፋብሪካና ከመኪና በራቀው የማውና ሎአ ተራራ ላይ መሣሪያ ተክሎ ከአየሩ ሚሊዮን እጅ ውስጥ 315ቱ ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ መሆኑን መዘገበ። ልኬቱ እስከ ዛሬ ቀጥሏል፤ አሁን ከ420 በላይ ደርሷል። ፋብሪካ ከመስፋፋቱ በፊት 280 ነበር። ከአንታርክቲካ በረዶ ውስጥ ተቆፍረው የወጡ ጥንታዊ የአየር አረፋዎች ደግሞ 800,000 ዓመት ወደ ኋላ ሲቆጠር አንድም ጊዜ የዛሬው መጠን ላይ እንዳልደረሰ ያሳያሉ።

እዚህ ላይ አንድ ጠንቃቃ አድማጭ የሚያነሣው ጥያቄ አለ። ጭማሪው ከባሕር አለመሆኑ በምን ታወቀ? መልሱ እንደ ጣት አሻራ ነው። ሕይወት ባለው ነገር ውስጥ ያለ ካርቦን ሁሉ ካርቦን 14 የተባለ ራዲዮአክቲቭ ዓይነት በጥቂቱ ይይዛል፤ ይህ ዓይነት በአሥር ሺዎች በሚቆጠሩ ዓመታት ውስጥ እየመነመነ ያልቃል። የድንጋይ ከሰልና ነዳጅ ሚሊዮን ዓመታት ተቀብረው ስለኖሩ አንዳች አልቀራቸውም። ስለዚህ እነሱ ሲቃጠሉ የአየሩ ካርቦን 14 ይቀጥናል። ኬሚስቱ ሃንስ ዙስ ይህን መቅጠን በዛፍ ግንድ ቀለበቶች ውስጥ ያገኘው በ1950ዎቹ ነው። ፀሐይ ራሷ በርትታ ከሆነስ? ፀሐይ ብትሆን ላይኛውም አየር ይሞቅ ነበር። ባሎኖችና ሳተላይቶች የለኩት ግን ታችኛው አየር ሲሞቅ ላይኛው መቀዝቀዙን ነው፤ ይህ ደግሞ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲጨምር ይሆናል ተብሎ በ1960ዎቹ አስቀድሞ የተሰላ ነው።

ምክንያቱ ይህ ነው፤ ስለ እሱ ከዚህ በላይ መቆየት አያስፈልግም። ከባዱ ቀጥሎ ያለው ነው።

ብዙ ሰው የአየር ንብረት ለውጥ ሲባል የሚገባው «ዝናብ ቀረ» ነው። ይህ ግማሽ እውነት ነው፣ አንዳንዴም ከግማሽ ያንሳል። ሌላውን ግማሽ ለማየት ወደ ቦረና መውረድ ይሻላል።

ቦረና ሁለት ዝናብ አለው፤ ዋናው ጋና ከመጋቢት እስከ ግንቦት፣ አጭሩ ሀገያ ከመስከረም መጨረሻ እስከ ኅዳር ይጥላል። በመካከል የሚያሻግሩት ጡላ የሚባሉት ጥልቅ ጉድጓዶች ናቸው። ወጣቶች በጉድጓዱ ግድግዳ ላይ አንዱ ከአንዱ በላይ ተደርድረው ይቆማሉ። ከታች የተቀዳው ውኃ ከእጅ ወደ እጅ እየተወረወረ ሽቅብ ይወጣል፤ ባዶው ዕቃ በሌላ እጅ ይወርዳል፤ ሥራውን የሚያስማማው ዘፈን ነው፣ አንዱ ያወጣል ሌሎቹ ይቀበላሉ። ዕቃው ዱሮ ከቆዳ ይሠራ ነበር፤ ዛሬ ብዙውን ጊዜ የተቆረጠ ጀሪካን ነው። ከላይ ከብቶቹ ተራ ይጠብቃሉ። ተራውን የሚያውቀውና የሚያስከብረው አባ ሄረጋ ይባላል፤ የማን ከብት በየትኛው ቀን እንደሚጠጣ በቃሉ ይዞታል። ይህ ሥርዓት ለመቶዎች ዓመታት ድርቅን አሻግሯል። የተሠራው ግን አንድ ወይም ሁለት ወቅት ለሚቀር ዝናብ ነው።

ከ2020 መጨረሻ እስከ 2022 መጨረሻ አምስት ወቅቶች በተከታታይ ከሸፉ። ሀገያ፣ ጋና፣ ሀገያ፣ ጋና፣ ሀገያ። በደቡብና በደቡብ ምሥራቅ ኢትዮጵያ፣ በሰሜን ኬንያና በሶማሊያ በሚሊዮን የሚቆጠር ከብት አለቀ። አንድ አርብቶ አደር ከብቱ ሲሞትበት የሚያጣው ሥጋና ወተት ብቻ አይደለም፤ ባንኩ፣ ጥሎሹና ስሙም አብረው ይሄዳሉ።

በ2023 በኬንያዊቷ የአየር ንብረት ሳይንቲስት ጆይስ ኪሙታይ የተመራ የባለሙያዎች ቡድን ይህን ድርቅ መረመረ። ያገኙት ነገር አስገራሚ ነው። የዝናቡን ማነስ ብቻ ሲያዩት የሰው እጅ ያን ያህል ጎልቶ አልወጣም፤ ዋናው ዝናብ የማነስ ዕድሉ ጨምሯል፣ አጭሩ ደግሞ እንዲያውም የመበርታት ዝንባሌ አለው። ሙቀቱ ከአፈርና ከቅጠል የሚመጠው ውኃ አብሮ ሲሰላ ግን ሥዕሉ ተገለበጠ። ሰብልና ግጦሽን የሚመታው የዚያ ዓይነት ድርቅ የመከሰት ዕድሉ በአየር ንብረት ለውጥ ምክንያት 100 እጥፍ ያህል ከፍ ብሏል። ያው የዘነበው ዝናብ 1.2 ዲግሪ ቀዝቀዝ ባለችው በቀድሞዋ ምድር ላይ ቢዘንብ ኖሮ ድርቅ ባልተባለ ነበር።

ይህን ለመረዳት እንስራ ይታሰብ። አየር በአንድ ዲግሪ በሞቀ ቁጥር መያዝ የሚችለው የውኃ ተን በ7 በመቶ ያህል ይጨምራል። እንስራው ሰፋ ማለት ነው። የሰፋ እንስራ ለመሙላት ብዙ ይጠጣል፤ ከአፈር፣ ከኩሬ፣ ከቅጠል፣ ከእንስሳ ቆዳ። ዝናብ ጥሎ በሁለተኛው ቀን መሬቱ ተመልሶ ሲሰነጠቅ የሚታየው ለዚህ ነው። ሞልቶ የተዘነበለ ዕለት ደግሞ ከቀድሞው አብልጦ ያፈሳል። ስለዚህ ድርቅና ጎርፍ ሁለት ተቃራኒ ዜናዎች መስለው ቢነበቡም የአንድ እንስራ ሥራ ናቸው። ለዚህ ማስረጃው ሩቅ አይደለም፤ አምስቱ ወቅቶች በከሸፉ በዓመቱ፣ በ2023 ሀገያ፣ ኤል ኒኞ የሚባለው የፓሲፊክ ውቅያኖስ መሞቅና የሕንድ ውቅያኖስ ምዕራባዊ ክፍል መሞቅ ተገናኝተው ዝናቡ በአንድ ጊዜ ተዘረገፈ። ዋቤ ሸበሌና ገናሌ ሞልተው ወጡ፤ ከድርቁ የተረፈውን ፍየል ጎርፉ ወሰደው። ደረቁ መሬት ውኃውን አላሰረገውም፣ እንደ ሲሚንቶ አንሸራተተው እንጂ።

የሕንድ ውቅያኖስ ነገር ከተነሣ፣ አንበጣው ሊረሳ አይገባም። በ2018 ሁለት አውሎ ነፋሶች ከሞቀው ዓረብ ባሕር ተነሥተው ሩብ አል ኻሊ በሚባለው የዓረቢያ ጭልጥ ያለ በረሃ ላይ ዝናብ አወረዱ። ሰው በማይደርስበት አሸዋ ላይ ለምለም በቀለ፤ አንበጣው ማንም ሳያየው ትውልድ በትውልድ ላይ ፈለፈለ። ከዚያ ጦርነት ላይ ወደነበረችው የመን፣ ከየመን ባሕር ተሻግሮ በ2019 ወደ ኢትዮጵያና ሶማሊያ ገባ። አንድ ስኩዌር ኪሎ ሜትር የሚሸፍን መንጋ በቀን የ35,000 ሰው ምግብ ያህል ይበላል። በጥር 2020 ድሬዳዋ ሊያርፍ የነበረ አንድ የመንገደኞች አውሮፕላን አንበጣው መስታወቱን ስለሸፈነው አዲስ አበባ ሄዶ ለማረፍ ተገዷል። ማሽላውን ለማዳን ጣሳ እየደበደበ፣ ጅራፍ እያጮኸ ሲሮጥ የዋለ የሐረርጌ ገበሬ ይህ መቅሠፍት የጀመረው ከሁለት ዓመት በፊት ከሞቀ ባሕር መሆኑን ማን ይነግረው ነበር?

ሳይንሱ ሁሉን ጨርሷል ማለት ግን አይደለም። ዋናው የጋና ዝናብ ከ1980ዎቹ ወዲህ ሲቀንስ ታይቷል፤ የኮምፒዩተር ሞዴሎቹ ግን ወደፊት ዝናቡ ይጨምራል ይላሉ። ባለሙያዎቹ ራሳቸው ይህን «የምሥራቅ አፍሪካ እንቆቅልሽ» ይሉታል። አንዳንዶች መልሱን የሚፈልጉት እጅግ በሞቀው ምዕራብ ፓሲፊክ ነው፤ እዚያ የሚነሣው አየር ሩቅ ሄዶ በአፍሪካ ቀንድ ላይ እየወረደ ደመናውን ይጫነዋል ይላሉ። ክርክሩ አልተዘጋም። የእንስራው ነገር ግን ዝናቡ ወደየትም ቢሄድ አይቀየርም፤ ሙቀቱ ይጠጣል።

ወደ ሦስተኛው ክፍል ከመታለፉ በፊት አንድ ጥንቃቄ። ዛሬ ዛሬ «የአየር ንብረት ለውጥ» ለሁሉ ጥፋት የሚለጠፍ ማመካኛ እየሆነ ነው። ሐረማያ ሐይቅ ሐረር ከተማን ያጠጣ ነበር፤ ከ20 ዓመት ገደማ በፊት ደርቆ በመሬቱ ላይ ከብት ተሰማራበት። ዋናው ምክንያት ለጫትና ለአትክልት ውኃ የሚስበው ፓምፕ፣ ለከተማ የሚወጣው ውኃና ከተራቆቱት ኮረብቶች የወረደው ደለል ነው። መተሐራ አጠገብ ያለው በሰቃ ሐይቅ ደግሞ በተቃራኒው አበጠ፤ በ1960ዎቹ 3 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ያህል የነበረው ከ40 በላይ ሆኖ የጅቡቲውን መንገድና ሐዲድ አስጨነቀ። እሱንም ያበዛው በአብዛኛው ከመስኖ የሚሰርገው ውኃና የከርሰ ምድሩ ሁኔታ ነው። አንዱ ደረቀ፣ ሌላው ሞላ፤ ሁለቱም የሰፈር ታሪክ ናቸው። ወደ ሰማይ ማመልከት ፓምፑን ከመቁጠር ይቀላል።

ድርቅና ረሃብም አንድ አይደሉም። በ1973 ወሎ ውስጥ ሕዝብ ሲያልቅ፣ የምጣኔ ሀብት ሊቁ አማርትያ ሴን በኋላ እንዳጠናው፣ በአገር ደረጃ እህል ያን ያህል አልቀነሰም ነበር፤ ደሴ ገበያ ላይም ዋጋው ብዙ አልናረም። ያጣው ገበሬው ነው፤ መግዣ አልነበረውማ። ጥቂት እህል እንዲያውም ከወሎ ወደ አዲስ አበባና ወደ አሥመራ ይጫን ነበር። ሰማይ ዝናብን ይከለክላል፤ ረሃብ ለማድረግ ግን መንግሥት፣ ገበያና ጦርነት ይጨመሩበታል። ስለ 1984ቱ የኢትዮጵያ ድርቅም ቢሆን ሌላ ያልተጠበቀ ክር አለ። በርካታ ተመራማሪዎች እንደሚሉት በእነዚያ ዐሥርት ዓመታት የአውሮፓና የአሜሪካ ጭስ ማውጫዎች የለቀቁት የሰልፈር ብናኝ ሰሜን አትላንቲክን አቀዝቅዞ የዝናቡን መቀነት ወደ ደቡብ ገፍቶታል፤ ከሰሐራ በታች ያለውን ሰፊ አገር ያደረቀው ድርቅም በከፊል ከዚያ ነው። ብናኙ በሕግ ሲቀነስ ዝናቡ በከፊል ተመልሷል።

አሁን ሽቅብ ወደሚወጣው ቆላ እንመለስ።

የደገኛ ሕዝብ ቆላን የሚፈራው በሙቀቱ ሳይሆን በንዳዱ ነበር። ለመነገድ ወይም ለአጨዳ ቆላ የወረደ ሰው ሳያድር ለመመለስ የሚጥረው ለዚህ ነው። ወባን ከደጋ ያስቀረው ሐኪም አልነበረም፤ ብርድ ነው። ገዳዩ የወባ ተሕዋስ በትንኟ ሆድ ውስጥ ለመብሰል ሙቀት ይሻል፤ ከ18 ዲግሪ ገደማ በታች ከሆነ ትንኟ ዕድሜዋን ጨርሳ ትሞታለች፣ እሱም ሳይበስል ይቀራል። ስለዚህ በኢትዮጵያ ከ2,000 ሜትር በላይ ያለ አገር ከወባ ነጻ ተብሎ ይቆጠር ነበር። ይህ አጥር ሲሰበር ምን እንደሚሆን በ1958 ታየ፤ ኪሊንግ መሣሪያውን ሃዋይ ላይ በተከለበት በዚያው ዓመት ማለት ነው። ያልተለመደ ሙቀትና ዝናብ በአንድ ወቅት ተገናኝተው ወባው ወደ ወይና ደጋው ወጣ፤ በሽታውን የማያውቅ፣ ሰውነቱ ያልተለማመደ ሕዝብ ላይ ወደቀ። 3 ሚሊዮን ሰው ታሞ 150,000 ያህሉ እንደ ሞተ ይገመታል።

ያ የአንድ ዓመት አጋጣሚ ነበር። በ2014 የወጣ ጥናት ግን ልማድ እየሆነ መምጣቱን አሳየ። ተመራማሪዎቹ ከደብረ ዘይት አካባቢና ከኮሎምቢያ ተራሮች የተሰበሰቡ የብዙ ዓመት የሕሙማን መዝገቦችን ከከፍታ ጋር አስተያዩ። ሞቅ ባለ ዓመት በሽታው ተራራውን ይወጣል፤ ቀዝቀዝ ባለ ዓመት ይወርዳል። የሕሙማን መዝገብ እንደ ቴርሞሜትር ተነበበ ማለት ነው። እዚህም ላይ ያው ጥንቃቄ ይሠራል፤ ከ2016 ጀምሮ ቀብሪደሃር ላይ የታየችውና በኋላ ድሬዳዋን ያስጨነቀችው አዲሷ የከተማ ትንኝ የመጣችው ከእስያ ነው፣ የምትራባውም ሰው በሚያጠራቅምበት በርሜልና ታንከር ውስጥ ነው። እሷን ሙቀት አላመጣትም።

ቡናስ? ቡና ልኩን የሚያውቅ ተክል ነው። አረቢካ የሚወደው አማካይ ሙቀት ከ18 እስከ 22 ዲግሪ ነው፤ ከዚያ ሲያልፍ ፍሬው ቶሎ ይቀላል ግን አይሞላም፣ ቅጠሉን ዋግ ይጫወትበታል። የከፋ፣ የያዩና የሐረና ደኖች የዓለም አረቢካ ሁሉ ዘመዶች የሚገኙባቸው ናቸው። ዝናቡ ከቦታው ሲዛነፍ ደግሞ ጣጣው በማድረቂያው አልጋ ላይ ነው፦ ጀንፈሉ ተሰጥቶ ፀሐይ ሲጠብቅ ያልታሰበ ዝናብ ከመጣበት የዓመት ልፋት በአንድ ሌሊት ይሻግታል። ላስቲክ ይዞ በጨለማ የሚሮጥ ቤተሰብ ያየ ሰው የአየር ንብረት ለውጥን ዲግሪ ሳይቆጥር ያውቀዋል።

በ2017 የለንደኑ የኪው ዕፅዋት ተቋምና ኢትዮጵያውያን ባለሙያዎች አብረው ያሳተሙት ጥናት፣ ምንም ካልተደረገ አሁን ቡና ከሚበቅልበት መሬት ከ39 እስከ 59 በመቶው በዚህ ክፍለ ዘመን ማብቂያ ለቡና የማይሆን እንደሚሆን ገመተ። ጥናቱን ጠቅሶ የሚያለቅስ ብዙ ነው፤ ሁለተኛውን ግማሽ የሚያነብ ግን ጥቂት። ያው ጥናት ቡናው ወደ ላይ ከወጣና ጥላ ዛፍ ከተተከለለት ምቹው መሬት ከዛሬው በአራት እጥፍ ሊሰፋ እንደሚችልም ይላል። ቡና ከቆላው ፊት ፊት መሮጥ ይችላል ማለት ነው። ይሁን እንጂ የሚሮጥበት መሬት ባዶ አይደለም፤ ዛሬ ገብስና ባቄላ ያለበት፣ ወይም ደን የለበሰ ነው። የሐረርጌው የቡና ገበሬ ማሳውን ነቅሎ ከፍ ወዳለ ወረዳ አይወስደውም፤ መሬቱ የሌላ ሰው ነው፣ ቋንቋውም ሌላ ሊሆን ይችላል። እሱ በአብዛኛው ጫት ይተክላል።

ከሁሉ የሚከፋው መውጫ ያለቀበት ነው። ሰሜን ተራሮች ላይ ራስ ደጀን 4,500 ሜትር ገደማ ላይ ያበቃል። ጅብራ፣ ያች እንደ ዘብ ቀጥ ብላ የምትቆም ተክል፣ ብርዱን ተማምና የምትኖረው በእነዚህ ጫፎች ነው። ከ500 ያነሰ የቀረው ቀይ ቀበሮም አይጡን የሚያድነው በባሌና በሰሜን ውርጭ ላይ ነው። ከታች ገብሱ ይወጣል፣ ከገብሱ ጋር ከብቱና ውሻው፣ ከውሻው ጋር የእብድ ውሻ በሽታ። ቀበሮው እንደ ቡናው ሌላ 200 ሜትር ልጨምር ቢል ከበላዩ ያለው ሰማይ ነው።

ይህን ሁሉ ያመጣው ማነው የሚለው በየስብሰባው የሚነሣ ስለሆነ በአጭሩ ይነገር። አንድ አሜሪካዊ በዓመት በአማካይ ወደ 14 ቶን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቃል፤ አንድ ኢትዮጵያዊ ከ0.2 ቶን በታች። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ከ90 በመቶ በላይ ከውኃ ነው፤ በ2024 ደግሞ አገሪቱ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ ከልክላለች። ዕዳው የሌሎች ነው። በፓሪስ በ2015 የጸደቀው ስምምነት ሙቀቱን ከፋብሪካ ዘመን በፊት ከነበረው በ1.5 ዲግሪ ላይ ለመግታት እንዲጣር አስቦ ነበር፤ 2024 ብቻውን ሲቆጠር 1.55 ገደማ ሆኖ አልፏል። ስምምነቱ የሚለካው በብዙ ዓመት አማካይ ስለሆነ በአንድ ዓመት አልፈረሰም፤ አቅጣጫው ግን ግልጽ ነው።

በጅማ ወይም በባሌ ከፍታ ዘንድሮ ክረምት አንድ ገበሬ በገብሱ ማሳ ዳር የቡና ችግኝ ሊሞክር ይችላል። የቡና ችግኝ ፍሬ የሚሰጠው በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ዓመት ነው፤ በደህና ከተያዘ ከ40 ዓመት በላይ ይለቀማል። ጥላ የሚሆነውን ዛፍ አስቀድሞ መትከል አለበት። የዛሬው ሙቀት ለዚያ ችግኝ ገና ይበርደዋል፤ የልጁ ዘመን ሙቀት ሊበዛበት ይችላል። ችግኙን የት፣ በስንት ሜትር ላይ እንደሚያኖረው የግብርና ባለሙያው ቁጥር ይዞ ሊመልስለት ይገባል፤ ያ ቁጥር ዛሬ በየወረዳው ጽሕፈት ቤት መኖር አለመኖሩን ግን ከታዳሚዎቹ መካከል የግብርና ሠራተኞች ይበልጥ ታውቁታላችሁ። ቀሪው ሰዓት የጥያቄ ስለሆነ ከእናንተ ይጀመር።